ስሙን የማይናገር መስመር፦ ከብራሰልስ እስከ ፓደርቦርን

ብራሰልስ፣ ቅዳሜ

71 ቁጥር አውቶቡስ ከመሀል ከተማ ተነስቶ የኢክሴልን ሰፈር ካቋረጠ በኋላ የብራሰልስ ነፃ ዩኒቨርሲቲ ሶልቦሽ ግቢ አጠገብ ያወርዳል። ፎስደም የሚባለው የነፃ ሶፍትዌር ሰሪዎች ዓመታዊ ጉባኤ የሚካሄደው እዚህ ነው። መግቢያ አይከፈልም፣ ስም ማስመዝገብም የለም። ውጭ ያካፋል፤ ኮሪደሩ በእርጥብ ካፖርትና በቡና ሽታ ታፍኗል። አንዱ ክፍል ሲሞላ በሩ ላይ «ሞልቷል» የሚል ወረቀት ይለጠፋል፣ ሰውም ሳይከራከር ወደ ሌላው ይሄዳል።

እኔን ያመጣኝ ጉዳይ ጠበብ ያለ ነው። የኦፕሬቲንግ ሲስተም እምብርት የሆነው ከርነል ኮምፒውተሩ ሲነሳ በሥሩ ምን ምን ዕቃ እንዳለ ማወቅ አለበት። የዛሬ ዕቃ ይህን ጥያቄ ራሱ ይመልሳል። ፒሲአይ ላይ የተሰካ ካርድ ሲጠየቅ የአምራቹን መለያ ቁጥር ይሰጣል፣ የሚፈልገውን የአድራሻ ስፋትም ይናገራል። ዩኤስቢም እንደዚሁ። ከእነዚህ በፊት የነበረው አይኤስኤ የሚባለው ባስ፣ ማለትም ካርዶች ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኙበት መስመር፣ እንዲህ ያለ ጥያቄና መልስ አያውቅም። ካርዱ የራሱ አድራሻ ሲጠራ ሥራውን ይሠራል፤ ማን እንደሆነ ግን አይናገርም። ስለዚህ ሌላ ሰው ሊመሰክርለት ግድ ነው። ምስክርነቱ በማን እጅ ይጻፍ? የትስ ይቀመጥ? ይህን ጥያቄ ይዤ ነው የምዞረው።

መስመሩ የተወለደው አይቢኤም ፍሎሪዳ ውስጥ ቦካ ራቶን በሚባል ከተማ ባሠራው፣ በነሐሴ 1981 (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ለገበያ ባስታወቀው ፒሲ ላይ ነው። አምስት ስሎት ነበረው፤ እያንዳንዱ ስሎት 62 መገናኛ፣ ከእነዚህም ስምንቱ የዳታ፣ ሃያው የአድራሻ። በ1984 የመጣው ኤቲ 36 ተጨማሪ መገናኛ ቀጥሎበት ዳታውን ወደ 16፣ አድራሻውን ወደ 24 ሽቦ አሳደገው። የወጣው ነገር ይኸው ነው። ሁሉም ካርድ አንድ ሽቦ ላይ ተደርድሮ ይሰማል፤ አድራሻው የደረሰው ይመልሳል።

ኬ በሚባለው ህንፃ ውስጥ ለኢንዱስትሪ ኮምፒውተሮች ድራይቨር፣ ማለትም ከርነሉ ዕቃውን የሚያነጋግርበት ኮድ፣ የሚጽፍ አንድ ፈረንሳዊ መሐንዲስ አግኝቼ ቆመን ቡና ጠጣን። ስለ 1990ዎቹ ሊኑክስ ጠየቅሁት። በዚያን ጊዜ ከርነሉ ካርዱን የሚያገኘው ጨለማ ቤት ገብቶ በእጅ እየዳበሱ በር እንደመፈለግ ባለ መንገድ ነበር። ኤንኢ2000 ለሚባለው ኔትወርክ ካርድ የተጻፈው ድራይቨር በየተራ የሚዳብሳቸው አድራሻዎች ኮዱ ውስጥ ተዘርዝረዋል፦ 300፣ 280፣ 320፣ 340፣ 360፣ 380። (የፖርት አድራሻዎቹ ሁሉ በ16 መሠረት የተጻፉ ናቸው።) መጀመሪያ ያነባል። እዚያ ማንም ከሌለ ስምንቱም የዳታ ሽቦ ከፍ ብሎ ይቀርና የሚነበበው 255 ይሆናል፤ ድራይቨሩ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ሌላ ቁጥር ከተነበበ ግን ካርዱ የራሱ መሆኑን ለማረጋገጥ ወደ ሬጅስተሮቹ መጻፍ ይጀምራል። አደጋው እዚህ ላይ ነው። በዚያ አድራሻ ላይ የተቀመጠው ዕቃ ሌላ ከሆነ የተጻፈለትን እንደ ትእዛዝ ተቀብሎ ይፈጽመዋል፣ ማሽኑም ገና ሳይነሳ ስታክ ያደርጋል። ለዚህ ሲባል በማስነሻው መስመር ላይ «ሪዘርቭ» የሚባል መመሪያ ተጨመረ፤ ይህን የአድራሻ ክልል ዳባሾች እንዳይነኩት ያግዳል። «ኢተር» የሚባለው ደግሞ ካርዱ በዚህ አድራሻ፣ በዚህ ኢንተራፕት (ካርዱ ፕሮሰሰሩን በሚጠራበት ሽቦ) አለ ብሎ በግልጽ ይናገራል። ሁለቱም በሰው እጅ የሚጻፉ ናቸው። መሐንዲሱ እንዳለኝ፣ ዳሰሳ የሚሠራው የዕቃው ብዛት ጥቂት ሲሆንና ሁሉም ሲታወቅ ብቻ ነው። እኔ በዚህ ላይ አንድ እጨምራለሁ፦ ዳሰሳ ላለመመስከር የተፈለገ ሰበብ ነው። ቁጥሩን የሚያውቅ ሰው አጠገቡ እያለ ከርነሉን በግምት ማስሮጥ ተገቢ አይደለም።

ማሮል ሰፈር፣ እሁድ

ዡ ደ ባል አደባባይ ላይ በየቀኑ ጠዋት አሮጌ ዕቃ መሬት ላይ ይዘረጋል። የናስ መቅረዝ፣ የተሰነጠቀ ሸክላ፣ የሟች ቤተሰብ ፎቶ ከነክፈፉ። ጥግ ላይ አንድ ሰው በካርቶን ሣጥን የኮምፒውተር ካርድ ይሸጥ ነበር። ሁለት ገዛሁ።

አንደኛው የኤንኢ2000 ዓይነት ኔትወርክ ካርድ ነው። አረንጓዴው ሰሌዳ ላይ በነጭ ቀለም ሰንጠረዥ ታትሞበታል፦ ግራው የአድራሻ፣ ቀኙ የኢንተራፕት። ከሰንጠረዡ ሥር ጥንድ ጥንድ ሆነው የቆሙ መርፌዎች አሉ፤ ጃምፐር የምትባለው ጥቁር ቆብ የተሰካችበት ጥንድ ቁጥሩን ይወስናል። በዚህኛው ካርድ ቆቧ 320 ላይ፣ ሌላዋ ኢንተራፕት 5 ላይ ተቀምጣለች። የካርዱ ምስክርነት በሙሉ እነዚህ ሁለት ቆቦች ናቸው። ክዳኑ ተዘግቶ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ከርነሉ ሰንጠረዡን አያየውም፣ ቆቦቹንም አያይም። የካርዱ ዕውቀት በዓይን ለሚያይ ሰው ብቻ የተጻፈ ነው።

ሁለተኛው የድምፅ ካርድ ነው፤ አንድም ጃምፐር የለበትም። በ1993 ማይክሮሶፍትና ኢንቴል ባወጡት ደንብ የተሠራ ነው፤ ፕለግ ኤንድ ፕሌይ የሚባለው። ይህን ደንብ ሳነብ ሁልጊዜ እደነቃለሁ፤ መናገር ለማይችል መስመር አንደበት የተሰጠው ምንም ሽቦ ሳይጨመር ነው። ሶፍትዌሩ 279 ወደሚባለው አድራሻ 32 ባይት ርዝመት ያለው ቁልፍ ይጽፋል። 279 የተመረጠው በዘፈቀደ አይደለም፤ የሁለተኛው ፕሪንተር ሁኔታ የሚነበብበት ፖርት ስለሆነ ወደዚያ ቢጻፍ ማንንም አይጎዳም። ትእዛዙ ራሱ የሚጻፍበት ኤ79 ደግሞ አሥሩን የአድራሻ ሽቦ ብቻ ለሚመለከት አሮጌ ካርድ ያው 279 ሆኖ ይታየዋል። በአሮጌዎቹ ላይ ጉዳት ሳያደርሱ አዲሶቹን ማነጋገር ማለት ይህ ነው።

ቁልፉን የሰሙት ካርዶች ሁሉ ይነቃሉ፤ ቀጥሎ አንድ በአንድ መለየት አለባቸው። እያንዳንዱ ካርድ 72 ቢት መለያ አለው። ከርነሉ መለያውን ቢት በቢት ያስነብባል። በተራው ቢት ላይ 1 ያለው ካርድ በመስመሩ ላይ የታወቀ ምልክት ያወጣል፤ 0 ያለው ዝም ብሎ ያዳምጣል፤ የሌላውን ድምፅ ከሰማ ከዚህ ዙር ይወጣል። 72ኛው ቢት ላይ ሲደረስ አንድ ካርድ ብቻ ይቀራል፤ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ዙሩ እንደገና ይጀመራል። መጨረሻ ላይ ሁሉም ተቆጥሮ ሁሉም አድራሻ ይታደላል። ግን ይህ የሚሆነው በደንቡ ለተሠራ ካርድ ነው። ጃምፐር ያለው ጎረቤቱ እዚያው መስመር ላይ አለ፣ ቁልፉም ምኑም አይደለም፤ 320 ላይ እንደተቀመጠ ይኖራል፣ አዳዩም ይህን ሳያውቅ 320ን ለሌላ ሊሰጥበት ይችላል። ስለዚህ ምስክር አሁንም ያስፈልጋል።

ባቡር ውስጥ

ከብራሰልስ ኮሎኝ፣ ከኮሎኝ በሐም በኩል ፓደርቦርን። መስኮቱ ላይ ጭጋግ ብቻ ስለነበር ዲቫይስ ትሪ የሚባለውን ነገር ለማንበብ ጥሩ ጊዜ ሆነልኝ።

የዲቫይስ ትሪ ሐሳብ ሰን ከሚባለው ኩባንያ የመጣ ነው። እዚያ ሚች ብራድሊ ፎርዝ በሚባል ቋንቋ የጻፈው ፈርምዌር፣ ማለትም ሰሌዳው ላይ ያለው የማስነሻ ፕሮግራም፣ ማሽኑ ሲነሳ የዕቃውን ዝርዝር በዛፍ መልክ አደራጅቶ ለኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ያስረክባል፦ ግንዱ ፕሮሰሰሩ የሚያየው አድራሻ፣ ቅርንጫፉ ባሱ፣ ቅጠሉ ዕቃው። በ1994 አይትሪፕልኢ 1275 ተብሎ ደረጃ ወጣለት፣ ለአይኤስኤም የራሱ አባሪ ተጻፈለት። በ2005 ቤንጃሚን ሄረንሽሚት ያ ሁሉ ፈርምዌር ለሌላቸው የፓወርፒሲ ሰሌዳዎች ዛፉን ብቻ በፋይል አድርጎ ለከርነሉ የመስጠትን መንገድ ዘረጋ። አርም ላይ ደግሞ እያንዳንዱ ሰሌዳ የራሱን የሲ ኮድ እያመጣ ከርነሉን ሲያጨናንቀው ሊነስ ቶርቫልድስ በ2011 በግልጽ ተቆጣ፤ ከዚያ ወዲህ አርምም ወደ ዛፉ ገባ።

የማነበው የፍሪስኬል ኤምፒሲ8641 ሰሌዳ ዛፍ ነው። ፕሮሰሰሩ ፓወርፒሲ፣ ከሱ ሥር ፒሲአይ ኤክስፕረስ፣ ከሱ ሥር ድልድይ የሆነ ቺፕ፣ ቺፑ ውስጥ ደግሞ «አይኤስኤ» የሚባል ኖድ፣ ማለትም የዛፉ አንድ ቅርንጫፍ። ሰሌዳው ላይ የአይኤስኤ ስሎት የለም፤ ልማዱ ግን ሙሉ በሙሉ አለ። የኪቦርዱ መቆጣጠሪያ እንዲህ ተጽፏል፦ 1፣ 60፣ 1፤ ቀጥሎ 1፣ 64፣ 1። ሦስት ሦስት አድርጎ ማንበብ ነው። የመጀመሪያው 1 አድራሻው የአይኦ ፖርት ነው ይላል፤ 0 ቢሆን ኖሮ የሜሞሪ ይሆን ነበር። 60 ፖርቱ ነው። የመጨረሻው 1 ስፋቱ፣ አንድ ባይት። ሁለቱ ቁጥሮች፣ 60 ከፒሲው፣ 64 ከኤቲ ዘመን ጀምሮ፣ ያልተነቃነቁ ናቸው።

ፓወርፒሲ የኢንቴል ዓይነት የፖርት ትእዛዝ የለውም፤ ሁሉ ነገር ለሱ ሜሞሪ ነው። ስለዚህ 60ን ለመድረስ ከርነሉ ዛፉን ወደ ላይ መውጣት አለበት። በየባሱ ኖድ ላይ «ሬንጅስ» የሚባል መስመር አለ፤ የታችኛው አድራሻ በላይኛው ባስ ላይ የትኛው እንደሆነ ይናገራል። አይኤስኤው 4096 ፖርት ያለው መስኮት በፒሲአይ አይኦ ላይ ተሰጥቶታል፤ ፒሲአዩ በተራው በፕሮሰሰሩ አድራሻ ላይ። አንዷ ሬንጅስ ብትዘነጋ መሰላሉ ይቆረጣል፣ ኪቦርዱም አይነሳም።

ይህን የሚተረጉመው የሊኑክስ ፋይል አንድ ነገር ያስተምራል። ስለ ባስ ዓይነቶች ያለው ሰንጠረዥ አጭር ነው፤ አይኤስኤ በስም ከሚጠሩት ጥቂቶች አንዱ ነው። ከርነሉ የሚያውቀውም በኖዱ ስም ነው፤ ስሙ «አይኤስኤ» ከሆነ አድራሻው በሁለት ቁጥር፣ ስፋቱ በአንድ ተጽፏል ብሎ ይወስዳል። ሲተረጉምም የመጀመሪያውን ቢት ያነጻጽራል፤ የአይኦ አድራሻ በሜሞሪ መስኮት እንዲያልፍ አይፈቅድም። አርባ ዓመት ያለፈው መስመር በዚህ ዘመን ኮድ ውስጥ የራሱ አንቀጽ አለው ማለት ነው። ይገባዋል ባይ ነኝ።

አሮጌውን መስመር አዲስ ብረት ውስጥ መልሶ ማግኘትም የተለመደ ነው። ኢንቴል በ1998 ያወጣው ኤልፒሲ የሚባለው ባስ ሽቦው በጣም ጥቂት ቢሆንም ለሶፍትዌር አይኤስኤን መስሎ ይታያል። የሂሲሊከን ሂፕ06 የሚባለው የአርም ሰርቨር ቺፕ ኤልፒሲ አለው፤ ግን በፕሮሰሰሩ አድራሻ ላይ ምንም መስኮት አልተከፈተለትም። ፖርት ለማንበብ ጥያቄውን በመቆጣጠሪያው ሬጅስተሮች ላይ ጽፎ መልሱን መጠበቅ ነው። ዛፉ ላይ ሬንጅስ የሚለው ነገር ትርጉም አጣ፤ ከርነሉ በ4.17 እትም፣ በ2018፣ የፖርት ቁጥርን ለብቻው የሚመዘግብ ሌላ መንገድ እስኪሠራለት ድረስ ጠበቀ። ዛፉ እውነቱን ተናገረ፣ ከርነሉ ራሱን አስተካከለ። ሥርዓቱም በዚህ በኩል መሆን አለበት።

ፓደርቦርን አቅራቢያ፣ አንድ የብረታ ብረት ወርክሾፕ

ይህ አካባቢ የማሽን አገር ነው። እዚህ የምጠይቃቸው ሰው ጀርመን ከሰላሳ ዓመት በላይ የኖሩ፣ የፋብሪካ ማሽን በመጠገን የሸበቱ ኢትዮጵያዊ ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። ቱታቸውን እንደለበሱ በር ላይ ተቀብለው፣ ሻይ ሳያስቀድሙ ወደ ማሽኑ ወሰዱኝ።

ማሽኑ ላሜራ ማጠፊያ ነው። ጎኑ ላይ ያለው ሣጥን ሲከፈት የእጅ መዳፍ የሚያክሉ ሰሌዳዎች አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበዋል። ፒሲ104 ይባላል፤ በ1992 የወጣ፣ 90 በ96 ሚሊሜትር የሆነ፣ አይኤስኤን በ104 መርፌ የሚያሳልፍ። የላይኛው ካርድ ከማሽኑ መቀየሪያዎችና ከደህንነት አጥሩ ምልክት ይቀበላል። የታችኛው ፕሮሰሰሩ ነበር፤ ተቃጥሎ በአዲስ ተተክቷል። አዲሱ ላይ ሊኑክስ ይነሳል፤ የላይኛውን ካርድ ግን አያየውም።

ሣጥኑ ክዳን ውስጥ በእርሳስ የተጻፈበት ወረቀት ተለጥፏል፦ አድራሻ 300፣ ኢንተራፕት 5።

«ጋሼ፣ ይህን የጻፈው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ። ካርዱን ያስገባው ጀርመናዊ ጡረታ ሊወጣ ሲል ነገረኝ፣ ወዲያው ጻፍኩት። ይህ ወረቀት ከጠፋኮ ልጄ፣ ማሽኑ ብረት ብቻ ነው። እስቲ ጃምፐሩን አንቺም እዪልኝ፤ ዓይኔ እንደ ድሮው አይደለም።»

በባትሪ አየሁት፤ ከወረቀቱ ጋር ይገጥማል።

ይህ ኮምፒውተር የኢንቴል ዓይነት ስለሆነ ዲቫይስ ትሪ የለውም፤ ፈርምዌሩ ኤሲፒአይ በሚባለው ሰንጠረዥ ነው የሚናገረው። ሰንጠረዡን አውጥተን አነበብን። ኪቦርዱ አለ፣ ሰዓቱ አለ፣ ሲሪያል ፖርቱ አለ፤ ሁሉም ሰሌዳው ላይ የተበየዱ ናቸው። በመርፌ የተሰካውን ካርድ ግን የፈርምዌሩ ጸሐፊ ከየት ያውቀዋል? ሊኑክስ ውስጥ ለእንዲህ ያሉ ካርዶች የአይኤስኤ ባስ የሚባል ቀጭን ኮድ አለ፤ አሠራሩ ከሌሎች ባሶች የተገለበጠ ነው። እዚያ ዕቃው መኖሩን የሚያውጀው ባሱ ሳይሆን ድራይቨሩ ነው፤ አድራሻውንም «ቤዝ» በሚባል መለኪያ ከሰው ይቀበላል። ጋሼ ከወረቀቱ እያነበቡልኝ ቤዝ 300፣ ኢንተራፕት 5 ብዬ በድራይቨሩ ማዋቀሪያ ፋይል ጻፍኩ።

ካርዱ ተገኘ፣ ግን ኢንተራፕቱ አይመጣም ነበር። የአጥሩን በር ከፍተን ብንዘጋም ቁጥሩ አይጨምርም። ወደ ባዮሱ፣ ማለትም ወደ ፈርምዌሩ ማስተካከያ፣ ገባን፤ ኢንተራፕት 5 ለፒሲአይ ተሰጥቷል። እዚህ ላይ በባቡሩ ያነበብኩት ዛፍ ትርጉም አገኘ። በዚያ ዛፍ የኢንተራፕት መቆጣጠሪያው ሦስት አድራሻ አለው፦ 20፣ ኤ0 እና 4ዲ0። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከኤቲ ጀምሮ የነበሩ ናቸው፤ ሦስተኛው እያንዳንዱ የኢንተራፕት ሽቦ በምን ዓይነት እንደሚሰማ የሚወሰንበት ነው። የአይኤስኤ ካርድ ሽቦውን ከዝቅታ ወደ ከፍታ አንድ ጊዜ ያነሳል፤ የሚቆጠረው መነሳቱ ነው። ፒሲአይ ደግሞ እስኪሰሙት ዝቅ አድርጎ ይይዛል፣ ስለዚህ ብዙ ካርድ አንድ ሽቦ ሊጋራ ይችላል። ሽቦ 5 በፒሲአይ ዓይነት ከተዘጋጀ የጋሼ ካርድ ቢጮህም የሚሰማው የለም። ዛፉ ላይ ከኪቦርዱ ኢንተራፕት 1 ቀጥሎ የተጻፈችው 3 የምትለው ቁጥር ይህንኑ ነበር የምትናገረው፦ ሲነሳ ቁጠር። በጋሼ ወረቀት ላይ ይህች ቁጥር አልነበረችም፤ ጀርመናዊው በዘመኑ ሌላ ዓይነት ስለሌለ መናገር አላስፈለገውም ይሆናል።

ባዮሱ ላይ 5ን ለአሮጌ አይኤስኤ ከልለን አስነሳን። ጋሼ የአጥሩን በር ከፈቱ፣ ዘጉ፣ ከፈቱ። ስክሪኑ ላይ ቁጥሩ እየጨመረ ሄደ። «በል እንግዲህ» አሉ ለማሽኑ፣ እርሳሳቸውን አውጥተው ወረቀቱ ላይ «ሲነሳ ይቆጠራል» ብለው ጨመሩ።

ሥራው ቢሠራም አንድ ነገር አልተዋጠልኝም። የጻፍነው ምስክርነት ዲስኩ ላይ ነው ያለው። ዲስኩ ሲቀየር አብሮ ይሄዳል፣ የአይኤስኤ ድራይቨሩም ከኤሲፒአይ ሰንጠረዥ አያነብም። ካርዱን የሚገልጸው ጽሑፍ መኖር ያለበት ፈርምዌሩ ወይም ዛፉ ውስጥ፣ ከሰሌዳው ጋር ነው፤ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ቢቀየርም የሚቀጥለው እንዲያነበው። ከርነል ጸሐፊዎች ለእነዚህ ድራይቨሮች ከዛፍ የማንበብ በር ቢከፍቱ ሥራው ብዙ አይደለም፤ ጥቅሙ ግን እንደ ጋሼ ላሉ ሰዎች ትልቅ ነው።

ፓደርቦርን ከተማ፣ ሙዚየሙ

የሃይንዝ ኒክስዶርፍ ሙዚየም ቀድሞ የኒክስዶርፍ ኮምፒውተር ኩባንያ ዋና መሥሪያ ቤት በነበረው ህንፃ ውስጥ በ1996 የተከፈተ ነው። ከሸክላ ጽሑፍ ጀምሮ እስከ ዛሬ ያለውን የሒሳብና የጽሕፈት ዕቃ ያሳያል። እኔ በፒሲዎቹ አካባቢ ቆየሁ፤ እግረ መንገዴንም ስለ ማይክሮ ቻናል አሰብኩ።

አይቢኤም በ1987 አይኤስኤን ሊተካ ያመጣው ያ ባስ ስሙን ይናገር ነበር፤ እያንዳንዱ ካርድ 16 ቢት መለያ ነበረው። ይሁን እንጂ መለያው ምን ማለት እንደሆነ፣ ካርዱ የትኛውን አድራሻ ሊወስድ እንደሚችል የሚገልጸው ፋይል ከካርዱ ጋር በሚመጣ ፍሎፒ ዲስክ ላይ ነበር። ፍሎፒው ከጠፋ ካርዱ ስሙን እየተናገረ የሚረዳው ያጣል። ሊኑክስ ማይክሮ ቻናልን በ2012፣ በ3.5 እትሙ አሰናበተው። አይኤስኤ ግን አለ፤ ያቆየውም በየወርክሾፑ ጥግ ያለው ካርድ ነው። ሙዚየሞች አሮጌ ካርድ ሲያሳዩ አምራቹንና ዓመቱን ይጽፋሉ፤ የጃምፐሩን ሰንጠረዥም ፎቶ አንስተው ቢያኖሩ እመኛለሁ። ሊጠገን ለሚመጣ ማሽን የሚረዳው እሱ ነው።

ማታ ጋሼ ደወሉ። ሁለተኛ ማሽን አላቸው፤ የሱ ካርድ ዲኤምኤ ይጠቀማል፣ ማለትም ዳታውን በፕሮሰሰሩ በኩል ሳያሳልፍ በቀጥታ ሜሞሪ ላይ ያስቀምጣል። ይኸኛው ይከብዳል። የአይኤስኤው የአድራሻ ሽቦ 24 ብቻ ስለሆነ ከመጀመሪያው 16 ሜጋባይት በላይ መድረስ አይችልም፣ መቆጣጠሪያውም በስምንት ቢቱ ቻናሎች የ64 ኪሎባይትን ወሰን አይሻገርም። ሊኑክስ ለዚህ ሲል የታችኛውን 16 ሜጋባይት ለብቻው ይመዘግባል፤ የቻናሉን ቁጥር ግን ሰው ነው የሚነግረው። የሣጥኑ ክዳን ውስጥ ወረቀት አለ ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። የለም። ካርዱን ከመንቀላቸው በፊት የጃምፐሮቹን ፎቶ ከሁለት ጎን እንዲያነሱ፣ እያንዳንዱ ቆብ የተሰካበትን ጥንድም በወረቀት እንዲስሉ ተስማማን።